የሙዚቃ ሕክምናን በቪዲዮ ጥሪ መስጠት፦ ኦቲዝም ካላቸው ደንበኞች ጋር ለሚሠሩ ቴራፒስቶች ዝርዝር መመሪያ

በቪዲዮ ጥሪ ሁለት ሰዎች በአንድ ምት አብረው መጫወት አይችሉም። የርቀት የሙዚቃ ሕክምና ሊጀምር ያሰበ ቴራፒስት ከሁሉ አስቀድሞ ሊቀበለው የሚገባው ይህን ነው፤ ፊት ለፊት ሲሠራበት የኖረው ዘዴ በአብዛኛው አብሮ በመጫወት ላይ የቆመ ነውና። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከደንበኛው 3 ሜትር ርቃችሁ ከበሮ ብትመቱ ድምፁ የሚደርሰው 9 ሚሊ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ነው፤ ማንም አያስተውለውም። ሙዚቀኞች ምት ሳይፋለስባቸው የሚችሉት መዘግየት ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ነው። የተለመደ የቪዲዮ ጥሪ ግን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ሊወስድ ይችላል፣ መስመሩ ሲጨናነቅም ከዚያ ያልፋል። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን አንድ ምት ግማሽ ሰከንድ ነው። የእናንተ ምት ሄዶ የእሱ ምላሽ እስኪመለስ 300 ሚሊ ሰከንድ ከወሰደ ከግማሽ ምት በላይ ባከነ ማለት ነው። መዘግየቱ ደግሞ ከአፍታ ወደ አፍታ ስለሚለዋወጥ "ትንሽ ቀድሜ ልምታ" ብሎ ማካካስም አይቻልም።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ አንድ ነው፦ ምቱ የሚኖረው ደንበኛው ባለበት ክፍል ነው። መሣሪያው፣ ማጀቢያው፣ የሚያግዘው ሰው ሁሉ እዚያው ይሁኑ። የእናንተ ድርሻ መጋበዝ፣ ማድመጥ፣ መመለስና አካሄዱን ማስተካከል ነው። ይህን ያልተቀበለ ቴራፒስት "አብረን እናጨብጭብ" እያለ ደንበኛውን በማይጨበጥ ምት ያደክመዋል፤ ደንበኛው ሲሳሳት ስህተቱ የመስመሩ ሆኖ ሳለ የእሱ ይመስላል። ከታች ያለው ሁሉ ይህን ደንብ በተግባር የማዋል ጉዳይ ነው።

ለቤተሰብ ምን ቃል ይገባል?

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ 26 ጥናቶችን መርምሮ የሙዚቃ ሕክምና ኦቲዝም ላላቸው ሰዎች አጠቃላይ መሻሻልና የኑሮ ጥራት ሊረዳ እንደሚችል አመልክቷል። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ታይም-ኤ የተባለው ጥናት በ9 አገሮች 364 ሕፃናትን አሳትፎ፣ ኢምፕሮቫይዜሽን (በቅጽበት እየፈጠሩ መጫወት) ላይ የተመሠረተ የሙዚቃ ሕክምና በተጨመረላቸውና ባልተጨመረላቸው መካከል ከ5 ወር በኋላ በምልክቶቹ ክብደት ረገድ የጎላ ልዩነት አላገኘም። ማስረጃው በአብዛኛው የመጣውም ፊት ለፊት ከተሰጠ ሕክምና ነው። ስለዚህ "ኦቲዝሙን ይቀንስለታል" ብሎ ቃል መግባት አይገባም። ቃል የሚገባው በዓይን ለሚታይና ለተወሰነ ግብ ነው፦ ተራ መጠበቅ፣ ከሁለት ነገር አንዱን መምረጥ፣ "ይበቃኛል" ማለት፣ ከመጨናነቅ ወደ መረጋጋት መመለስ፣ የራስን ግጥም መጨረስ። ዓይን ለዓይን መተያየት ግብ አይሁን። በካሜራማ ጭራሽ የማይቻል ነገር ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን ፊት የሚያይ ሰው ለወዲያኛው ወገን ሁልጊዜ ወደ ታች የሚያይ ይመስላል።

ደረጃ 1፦ ያለ ሙዚቃ የሚደረገው የመጀመሪያ ጥሪ

ከቤተሰብ ወይም ከደንበኛው ከራሱ ጋር ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ተነጋገሩ። ደንበኛው ትልቅ ሰው ከሆነ ንግግሩ ከእሱ ጋር ነው፤ ቤተሰቡ የሚገባው እሱ ከፈቀደ ብቻ ነው። የሚከተሉትን ሳታውቁ ወደ ሙዚቃ አትግቡ።

መጀመሪያ ጆሮው። የትኛው ድምፅ ያስጨንቀዋል፣ የትኛውን ደጋግሞ ይሻል? ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ብዙዎቹ ለድምፅ ከሌላው ሰው የተለየ ስሜት አላቸው፤ በጥሪ የሚመጣ የታመቀና የሚቆራረጥ ድምፅ ደግሞ የከፋ ሊሆንባቸው ይችላል። ሔድፎን ይችላል ወይስ ራሱ ላይ የሚያርፍ ነገር አይወድም? ቀጥሎ መግባቢያው፦ በንግግር፣ በምስል ካርድ፣ በታብሌት፣ በጽሑፍ ወይስ በምልክት? በቻት መጻፍ የሚቀለው ሰው ካለ ቻቱ ከንግግር እኩል የሚከበር መንገድ ይሁን።

የሚጥል በሽታ አለበት ወይ ብላችሁ ሳትጠይቁ አትለፉ። ኦቲዝም ባላቸው ሰዎች ዘንድ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ የሚበዛ በሽታ ነው። ካለበት ብልጭ ድርግም የሚሉ ምስሎችን አስወግዱ፤ ቢነሳበት እቤት ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ ይኑራችሁ።

ስክሪን ለእሱ ምን እንደሆነም እወቁ። ታብሌቱ የጨዋታ ዕቃው ከሆነ እናንተ ጨዋታውን የዘጋችሁበት ሰዎች ናችሁ፤ ጥሪውን ዘግቶ ወደ ጨዋታው መሄዱም አይቀርም። ሌላ መሣሪያ ተጠቀሙ። ከሌለ አይፓድ ላይ ጋይድድ አክሰስ፣ አንድሮይድ ላይ ስክሪን ፒኒንግ የሚባለው መቆለፊያ ይረዳል።

በመጨረሻም የሚገኝበት ትክክለኛ አድራሻ፣ የመጠባበቂያ ስልክ ቁጥርና በክፍለ ጊዜው ሁሉ በቅርብ የሚሆነው አዋቂ ማን እንደሆነ ይመዝገብ። የሙያ ፈቃድ በብዙ ቦታ የሚታየው ደንበኛው በዚያ ሰዓት ካለበት አካባቢ አንጻር ነው፤ ቤተሰቡ ለጉዞ ወጥቶ ከሌላ ቦታ ቢደውል ፈቃዳችሁ እዚያ ላይሠራ ይችላል። ራሱን የሚጎዳ፣ ከቤት ሮጦ የሚወጣ ወይም የቅርብ አጋዥ የሌለው ደንበኛ ለዚህ ዓይነት ሕክምና አይመጥንም፤ እንዲህ ብሎ መመለስ ነውር የለውም።

ደረጃ 2፦ ድምፁን ማስተካከል

አብዛኛው የርቀት ክፍለ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ የሚበላሸውም ማንም ሳያውቅ ነው። የጥሪ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለንግግር ነው። ንግግር ያልሆነውን ሁሉ ጩኸት ነው ብለው ይቆርጡታል። ሻከር (ሲያወዛውዙት የሚንሿሿ መሣሪያ) ለፕሮግራሙ ጆሮ የአየር ማራገቢያ ድምፅ ነው፤ ረጅም ማንጎራጎርም የፍሪጅ ድምፅ ነው። ውጤቱ ምንድን ነው? ልጁ ለ20 ሰከንድ ሻከሩን ያንሿሿል፣ እናንተ ጋ ጸጥታ ብቻ ይደርሳል፣ እናንተም "ምላሽ አልሰጠም" ብላችሁ ትጽፋላችሁ።

ዙም ላይ በኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ "ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሙዚሺያንስ" የሚለውን አብሩ። ከሥሩ "ሃይ ፊዴሊቲ ሚውዚክ ሞድ" ይገኛል፤ ድምፁን እስከ 48 ኪሎኸርዝ ያሳድገዋል። ሴቲንጉን ማብራት ብቻውን አይበቃም፤ ጥሪው ውስጥ ከገባችሁ በኋላ ስክሪኑ ላይ ያለውን ኦሪጅናል ሳውንድ ቁልፍም መክፈት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። ቲምስም የሙዚቃ ሞድ አለው፤ ጉግል ሚት ላይ ደግሞ ጩኸት ማጣሪያውን ማጥፋት ይቻላል። ይህን ሁሉ በእናንተ በኩል ማድረግ የሚያስተካክለው የእናንተን ድምፅ ብቻ ነው። የደንበኛው ድምፅ እንዲሰማችሁ የእሱ መሣሪያ ላይም ያው መደረግ አለበት።

ኤኮ ካንሰሌሽን የሚባለው ማሚቶ አጥፊ ለብቻው ይታይ። ሥራው ከስፒከር ወጥቶ ወደ ማይክ የሚመለሰውን ድምፅ መሰረዝ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ወገን በአንድ ጊዜ ሲያሰማ አንዱን ይቆርጣል። እናንተ በገመድ ሔድፎን ስለምትሠሩ በእናንተ በኩል አጥፉት። ደንበኛው ሔድፎን ካላደረገ ግን በእሱ በኩል ይብራ፤ አለበለዚያ የራሳችሁን ድምፅ ዘግይቶ ትሰማላችሁ። በእሱ በኩል እስከበራ ድረስ እሱ ሲጫወት እናንተ ዝም ማለት አለባችሁ፤ ጊታራችሁ ሲገባ የእሱ ከበሮ ይቆረጣል።

ብሉቱዝ ሔድፎን አትጠቀሙ። በራሱ ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊጨምር ይችላል፤ ማይኩን በተጠቀማችሁ ጊዜም ጥራቱ ወደ ስልክ ጥሪ ደረጃ ይወርዳል። ከዋይፋይ ይልቅ ከራውተሩ የሚመጣ ኬብል ይመረጣል፤ ፍጥነቱ ባይለወጥ እንኳ መዘግየቱ ይረጋጋል። ለሁለት ሰው ጥሪ በ720ፒ ጥራት ዙም የሚፈልገው በሰከንድ 1.2 ሜጋቢት ያህል ነው፤ አፕሎዱ 3 ሜጋቢት ከደረሰ እፎይ ትላላችሁ። ሲያጥር ኤች ዲ ቪዲዮውን ቀንሱ፣ ድምፁን አትንኩ።

ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት ከአጋዡ (እቤት በቅርብ ከሚሆነው አዋቂ) ጋር የ10 ደቂቃ ፍተሻ አድርጉ። ደንበኛው ባይኖር ይሻላል። አጋዡ ሻከር ለ10 ሰከንድ ያንሿሿ፤ እስከ መጨረሻው ካልተሰማችሁ ማጣሪያው አልጠፋም። ለ8 ሰከንድ "ምምም" ይበል፤ መሐል ላይ እየከሰመ ከሄደ ያው ችግር ነው። ከዚያ እናንተ አንዴ አጨብጭቡ፣ እሱም እንደሰማ ያጨብጭብ፤ አምስት ጊዜ ደግማችሁ፣ ሔድፎናችሁን አስጠግታችሁ በሌላ ስልክ ቅረጹትና በሁለቱ ጭብጨባ መካከል ያለውን ርቀት ለኩ። መካከለኛውን ቁጥር ወስዳችሁ ለሰው ምላሽ ፍጥነት 0.2 ሰከንድ ያህል ቀንሱ። የቀረው የሙሉ ዙር መዘግየታችሁ ነው። ጻፉት፤ በኋላ ምላሽ ስትለኩ ያስፈልጋችኋል።

ደረጃ 3፦ ክፍሉና መሣሪያው

ላፕቶፕ ከስልክ ይሻላል። ከደንበኛው 1.5 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ፣ ፊቱን ብቻ ሳይሆን እጁንና መሣሪያውን እንዲያሳይ ሆኖ ይቀመጥ። እናንተ ማየት የምትፈልጉት እጅና ትከሻ ነው። ምስሉን ቴሌቪዥን ላይ ማውጣት ለሚፈልጉ በኤች ዲ ኤም አይ ኬብል ይሁን፤ በገመድ አልባ ማንጸባረቅ ተጨማሪ መዘግየት ያመጣል። በእናንተ በኩል ብርሃኑ ከፊት፣ ጀርባው ባዶ፣ ልብሱ አንድ ቀለም፣ ከኋላ የሚሽከረከር ነገር የሌለበት ይሁን። ቨርቹዋል ባክግራውንድ አትጠቀሙ፤ የምታነሱትን ማራካስና እጃችሁን ግማሹን ይበላዋል።

ለደንበኛው አራት ወይም አምስት ነገር ይበቃል፦ ሻከር፣ ከበሮ ወይም የተገለበጠ ባልዲ፣ ዜማ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ለእንቅስቃሴ የሚሆን ስካርፍ፣ አንድ በጣም ለስላሳ ድምፅ ያለው ነገር። ሁሉም በሣጥን ተደብቀው አንድ በአንድ ይውጡ። እቤት የሚሠራ ሻከር ከሆነ የፕላስቲክ ጠርሙሱን ሩቡን በደረቅ ፍሬ ሞልቶ ክዳኑን በማጣበቂያም በፕላስተርም ማሸግ ያስፈልጋል። ነገር ወደ አፉ ለሚያስገባ ልጅ የፈሰሰ ፍሬ የመታነቅ አደጋ ነው።

ዜማ የሚያወጣው መሣሪያ ዛይሎፎን ከሆነ የፋንና የሲን እንጨት አስወጧቸው። የሚቀሩት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ስለሆኑ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢመታቸው እርስ በርስ አይጋጩም። እናንተም በዚያው ቅኝት ቆዩ። ርካሽ ዛይሎፎን ብዙ ጊዜ ከ440 ኸርዙ መደበኛ መቃኛ (የላ ድምፅ) ዝቅ ወይም ከፍ ይላል፤ በፍተሻው ቀን አንዱን እንጨት አስመትታችሁ ጊታራችሁን ከእሱ ጋር ቃኙ።

የድምፅ መጠኑም ይወሰን። የዓለም ጤና ድርጅት ለሕፃናት በሳምንት 40 ሰዓት 75 ዴሲቤል፣ ለአዋቂዎች 80 ዴሲቤል አድርጎ ያስቀምጠዋል። በሔድፎን ለሚሰማ ልጅ በፍተሻው ቀን ዝቅ ያለ መጠን መርጣችሁ ቁልፉ የሚቆምበትን ቦታ ምልክት አድርጉበት፤ ድንገት የሚጮህ ድምፅ ያመናችሁትን ሁሉ ያፈርሳል።

ደረጃ 4፦ አጋዡን ማዘጋጀት

እቤት ያለው አዋቂ የእናንተ እጅ ነው፤ ግን ያልሠለጠነ አጋዥ ከሌለ አጋዥ ይብሳል። የተለመደው ስህተት ከፍቅር የሚመጣ ነው፦ እናንተ "ተራህ ነው" ስትሉ እናቱም "በል ምታ፣ ምታ እንጂ!" ትላለች። ድምፃችሁ ዘግይቶ ስለሚደርስ የእናንተ ግብዣ ገና ሳያልቅ የእሷ ትእዛዝ ይነሳል፤ ልጁ ሁለት ድምፅ ተደራርቦበት ይቆማል። ስለዚህ ለአጋዡ የምትሰጡት ዋናው ትእዛዝ "10 ሰከንድ ይጠብቁ" የሚል ነው። መዘግየቱ፣ ልጁ የሰማውን ለማብላላት የሚወስደው ጊዜና እጁን ለማንቀሳቀስ የሚፈልገው ጊዜ ተደምረው ከምትገምቱት በላይ ይሆናሉ። በልባችሁ እስከ 10 ቁጠሩ።

ለመነጋገሪያ ጥቂት የእጅ ምልክት ይበቃል። መዳፍ ወደ ፊት፦ ይጠብቁ። እጅ ጆሮ ላይ፦ ያድምጡ፣ አይናገሩ። ጣት ወደ መሣሪያው፦ ያቅርቡለት። እጅ ወደ ኋላ፦ ትንሽ ይራቁ። ረዘም ያለ ነገር በቻት ይጻፍ። አጋዡ ልጁን እጁን ይዞ አያስመታው፤ መርዳት ካለበት የራሱን እጅ ከሥር ያቅርብና ልጁ ከፈለገ ይያዝ። መወዛወዝ፣ እጅ ማራገብ፣ መዞር አይከልከል። ብዙ ጊዜ ከማጀቢያው ቀድሞ የሚገኘው ምት እዚያ ነው።

ደረጃ 5፦ የክፍለ ጊዜው አካሄድ

ለትንሽ ልጅ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ለታዳጊና ለአዋቂ እስከ 45 ደቂቃ በቂ ነው። ቅደም ተከተሉ አይለወጥ። የምስል መርሐ ግብሩን ስክሪን ላይ ከማሳየት በወረቀት እቤት እንዲኖር አድርጉ፤ ያለቀውን ሥዕል ልጁ ራሱ ነቅሎ ሣጥን ውስጥ ይከታል። በ30 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ የመጀመሪያው 3 ደቂቃ ለቦታ ማረጋገጫና ለድምፅ ፍተሻ፣ 2 ደቂቃ ለማይለወጥ የሰላምታ ዘፈን፣ ቀጣዮቹ 15 ደቂቃዎች ለዋናው ሥራ፣ 7 ደቂቃ ያህል ለማረጋጋት፣ 3 ደቂቃ ለመሰናበቻ ይሁን። ከዚያ ልጁ ከሄደ በኋላ 5 ደቂቃ ከአጋዡ ጋር ተነጋገሩ።

ለዋናው ሥራ ከመዘግየቱ ጋር የሚስማሙ ዘዴዎች እነዚህ ናቸው።

ተራ በተራ መጫወት ከሁሉ ይቀላል፤ መዘግየቱ በተራዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ተውጦ ይቀራል። በመጀመሪያ እሱ ያደረገውን እናንተ መልሱ። አንዴ መታ? አንዴ ምቱና ጠብቁ። የሠራው ነገር ተመልሶ እንደሚመጣ ሲያስተውል ሆን ብሎ ይሞክራችኋል፤ ጨዋታው የሚጀምረው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲያ የእናንተን አጭር ሐረግ አስገቡ። በደቂቃ 80 ምት ባለ አራት ምት ሐረግ 3 ሰከንድ ነው፤ ከዚህ አታስረዝሙ። ሐረጉን ስትጨርሱ እጃችሁን ወደ ካሜራ ዘርጉ። ቀጣዩን በቁጥር አትጠብቁ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ በል" አትበሉ፤ ቁጥራችሁ እሱ ጋ ሲደርስ አርጅቷል።

የተቀረጸ ማጀቢያ እቤት ማጫወት ምቱን ሙሉ በሙሉ ወደ ደንበኛው ክፍል ያስገባዋል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ የሆነ፣ በደቂቃ ከ70 እስከ 100 ምት የሚሄድ፣ ከመጀመሩ በፊት የሁለት ባር መቁጠሪያ ያለው፣ ልጁ የሚሞላው ባዶ ቦታ የተተወለት ፋይል አዘጋጁና ከአንድ ቀን በፊት ላኩ። አጋዡ የሚያጫውተው ጥሪው ካለበት መሣሪያ ሳይሆን ከሌላ ስልክ ወይም ስፒከር ነው። ከዚያው መሣሪያ ከተጫወተ ማሚቶ አጥፊው ሊሰርዘውና እናንተ ጋ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ከሌላ ስልክ ሲወጣ ማጀቢያውና የልጁ ከበሮ አንድ ላይ በማይኩ ይገባሉ፤ እኩል ዘግይተው ስለሚመጡም ለእናንተ የተጣጣሙ ሆነው ይሰማሉ። በምቱ ላይ መሆን አለመሆኑን በትክክል የምትሰሙበት መንገድ ይህ ነው። በዚህ ጊዜ ማይካችሁን ዝጉ፣ አብራችሁም አታጨብጭቡ፤ ጭብጨባችሁ እሱ የሚያየው ሙሉ ዙር ዘግይቶ ነውና ምቱን ያጠፋበታል። አርአያ ካስፈለገው አጋዡ ያሳየው።

ደንበኛው ሲመራ እናንተ ማጀብ ትችላላችሁ፤ ግን ማጀቢያችሁን እሱ የሚሰማው ዘግይቶ ነው። ማይካችሁን ክፍት አድርጋችሁ ከሆነ ረዣዥም ኮርዶችን ያዙ፣ በሐረጉ መጨረሻ ብቻ ቀይሩ፣ ምት አትምቱ። የተሻለው መንገድ ግን ሌላ ነው፦ ማይካችሁን ለጥሪው ዝጉና የእሱን ድምፅ እየሰማችሁ አጅቡ፣ ሁለቱንም በራሳችሁ ኮምፒውተር ቅረጹ። በእናንተ በኩል ሁለቱ ስለሚጣጣሙ ቀረጻውን መልሳችሁ ስታሰሙት ራሱን ታጅቦ ያገኘዋል። ንግግር የማይጠቀም ታዳጊ የራሱን ጨዋታ በዚህ መልክ ደጋግሞ መስማት ሊወድ ይችላል። ለመቅረጽ በጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋም አብሮ ይጻፍ።

ምት የሌለው ሙዚቃ መዘግየትን አያውቅም። አንድ ድምፅ ወይም ክፍት አምስተኛ (እንደ ዶና ሶል ያሉ ሁለት ድምፆች አብረው) ያዙና በላዩ ያንጎራጉር፤ የገባበት ጊዜ ሁሉ ትክክለኛ ጊዜ ነው። የሚደጋገም ምት ለሚያውከው ሰው ጥሩ መነሻ ነው።

ለታዳጊና ለአዋቂ ዘፈን መጻፍ በርቀት ከፊት ለፊት እንኳ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ በጋራ ሰነድ ላይ መጻፍ ለብዙዎች ፊት ለፊት ከመናገር ይቀላልና። በአራት መስመር ጀምሩ፣ ሁለቱን ባዶ ቦታ ያላቸው አድርጉ። ደጋግሞ የሚላት ሐረግ ካለችው እሷ አዝማች ትሁን። ዜማውን በብራውዘር በሚከፈተው ክሮም ሚውዚክ ላብ ውስጥ ባለው ሶንግ ሜከር ይሥራ፤ የሚከፍተው በራሱ መሣሪያ ስለሆነ ድምፁ ሳይዘገይ ይሰማዋል፣ የጨረሰውንም በሊንክ ይልክላችኋል።

ለማረጋጋት አሁን ካለበት ሁኔታ ተነሡ። እየዘለለ ላለ ልጅ ዝግ ያለ ዘፈን ከሌላ ዓለም የመጣ ነው። በደቂቃ 110 ምት አካባቢ ጀምራችሁ በየአንጓው ከ5 እስከ 10 ምት እየቀነሳችሁ ወደ 70 ውረዱ፤ ድምፁንም አብራችሁ ዝቅ አድርጉ። ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይወስዳል። በዚህ ላይ መቸኮል ውጤቱን ያፈርሳል።

ደረጃ 6፦ መለካት

"ይበልጥ ተሳትፏል" የሚል ማስታወሻ ምንም አይናገርም። ግቡን እንዲህ ጻፉት፦ "ከ10 ግብዣዎች በ7ቱ፣ የአዋቂ ርዳታ ሳይጨመር፣ በ8 ሰከንድ ውስጥ ተራውን ይወስዳል።" በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍለ ጊዜዎች ያለበትን ብቻ መዝግቡ፣ ለማሻሻል አትሞክሩ። የምትለኩት የምላሽ ጊዜ የመስመሩን ዙር ይጨምራል፤ ዙሩ 0.4 ሰከንድ ከሆነ ከእያንዳንዱ ልኬት ቀንሱት። ምስሉ በረዶ ሆኖ ቀርቶ፣ ድምፅ ተቆርጦ ወይም ልጁ ከካሜራው ውጭ ሆኖ ያላያችሁትን ግብዣ "አልመለሰም" ብላችሁ አትጻፉ፤ "አልታየም" የሚል ሦስተኛ ዓምድ ይኑራችሁ። በአንድ ክፍለ ጊዜ "አልታየም" ከሦስት አንድ እጅ ካለፈ የዚያን ቀን ቁጥር ተዉት፤ መስመሩን እንጂ ሰውየውን አልለካችሁም። ከ8 እስከ 10 ክፍለ ጊዜ በኋላ ለውጥ ከሌለ ግቡን ወይም ዘዴውን ቀይሩ፣ ወይም ወደ ፊት ለፊት ሕክምና ምሩት።

ሲበላሽ

ልጁ ከስክሪኑ ይሄዳል። መሄድ እምቢታ ላይሆን ይችላል፤ ከሩቅ መስማት የሚመርጡ አሉ። አትጥሩት። ለ1 ወይም 2 ደቂቃ ለስለስ አድርጋችሁ ቀጥሉና አዳምጡ፤ ከሌላው ክፍል የሚመጣ ማንጎራጎር ምላሽ ነው፣ ይመዝገብ። ካሜራውን ቢሸፍን፣ ጆሮውን ቢይዝ ወይም "ይበቃል" ካርዱን ቢያነሳ ግን ያ እምቢታ ነው፤ ወዲያው አቁሙ።

የራሱን ምስል እያየ ሌላው ሁሉ ይረሳዋል። በእሱ መሣሪያ ላይ ሰልፍ ቪውን ደብቁት። ደስ የሚለው ከሆነ ደግሞ ተውት፤ ራሱን እያየ የሚመታ ልጅ ብዙ ጊዜ እጁን በደንብ ይቆጣጠራል።

ድምፁ ብረት ብረት ይላል ወይም ይቆራረጣል። መስመሩ ጠቧል። እቤት ሌላ ሰው ቪዲዮ እያወረደ እንደሆነ ጠይቁ፣ የእናንተን ቪዲዮ ለጥቂት ጊዜ ዝጉ፤ ለልጁ ግን አስቀድማችሁ "ምስሌ ይጠፋል፣ ድምፄ አለ" በሉት።

ስክሪን ሼር ያደረጋችሁት ዘፈን አይሰማውም። "ሼር ሳውንድ" የሚለው ሳጥን አልተመረጠም።

ከመጠን በላይ ይጨናነቃል፣ ይጮሃል። የመጀመሪያው እርምጃ ሙዚቃውን ማቆም ነው፣ የሚያረጋጋ ዘፈን መጀመር አይደለም። ድምፃችሁን ዝጉ፣ ለአጋዡ በቻት ጻፉ፣ ክፍሉ ይጨልም፣ ጊዜ ይሰጠው። ምን እንደቀሰቀሰው በዚያው ሰዓት አትመርምሩ። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ሁለቱም ደህና መሆናቸውን ከአጋዡ አረጋግጡ።

ጥሪው ይቋረጣል። ለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ስምምነት ይኑር፦ 2 ደቂቃ ይጠበቃል፣ ካልተመለሰ እናንተ በስልክ ትደውላላችሁ። የለመደው መጨረሻ ሳይመጣ መቅረቱ ለልጁ ከመቋረጡ ይከብዳልና የመሰናበቻውን ዘፈን በስልኩ ዝፈኑለት። ስልኩም ካልሠራ አጋዡ አስቀድማችሁ የላካችሁለትን የመሰናበቻ ዘፈን ቀረጻ በሁለተኛው ስልክ ያጫውታል፣ ልጁም የመጨረሻውን ሥዕል ነቅሎ ሣጥን ውስጥ ይከታል።